የመመገቢያ ጠረጴዛ ቅብ በማብረቅረቁ አይመረጥ

ክቡር ዋና አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁ የቤት ዕቃ ዓምድ ላይ በቅርቡ የወጣውን ጥያቄና መልስ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጠያቂው ከዋንዛ ጣውላ በገዛ እጁ ለሠራው የመመገቢያ ጠረጴዛ ምን ዓይነት ቅብ እንደሚሻል ይጠይቃል፤ መልሱም ጠረጴዛውን ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ወስዶ ሲለር (የእንጨቱን ቀዳዳ የሚደፍን የሥር ቅብ) እና ላኬር (የሚያብረቀርቅ የላይ ቅብ) በኮምፕረሰር ቢያስረጭ በአንድ ቀን ደርቆና አብረቅርቆ እንደሚረከበው ያስረዳል። ይህ ምክር ለቁም ሳጥን፣ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም ለአልጋ ራስጌ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ለመመገቢያ ጠረጴዛ ግን አይሆንም ባይ በመሆኔ፣ በሙያ ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት የእንጨት ሥራ ሳስተምር ካካበትሁት ልምድ ተነሥቼ ምክንያቴን እንዳስረዳ ቦታ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

ቅብ ከመምረጥ በፊት ጠረጴዛው ምን እንደሚደርስበት ማሰብ ይገባል። ቁም ሳጥን አልፎ አልፎ በጨርቅ ይወለወላል እንጂ ሌላ መከራ የለበትም። በእኛ ቤት የመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ግን ከምድጃ የወረደ ድስት ይቀመጥበታል፤ በቅቤና በበርበሬ የቀላ ወጥ ይንጠባጠብበታል፤ የአልጫው እርድ ቢጫ እድፉን ሊተውበት ይሞክራል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ጠጁና አረቄው ይፈስበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳሙና በነካው ጨርቅ ይታሻል፤ ይህም በየቀኑ፣ ከማዕድ በተነሣን ቁጥር የሚደጋገም ነው። ልጆች የቤት ሥራቸውን የሚሠሩትም እዚያው ስለ ሆነ የእስክሪብቶው ጫፍና የደብተሩ ፍትጊያ ይታከልበታል። ስለዚህ ለዚህ ጠረጴዛ የሚመረጠው ቅብ ሙቀትን፣ ውኃን፣ ዘይትን፣ አልኮልን፣ አሲድንና ፍትጊያን በአንድነት የሚችል መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መቋቋም ቢያቅተው ጠረጴዛው በዚያው በኩል መበላሸት ይጀምራል።

በየእንጨት ሥራ ቤቱ ላኬር እየተባለ የሚረጨው በአብዛኛው ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ንጥረ ነገር ከሌሎች ሙጫዎች ጋር በቲነር ሟሙቶ የተዘጋጀ ነው። የሚደርቀው ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ ሲሆን፣ በእንጨቱ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ከደረቀ በኋላ ምንም ዓይነት ኬሚካላዊ ለውጥ አያደርግም። ይህ ጠባዩ ለሠራተኛው ትልቅ ጥቅም አለው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ አቧራ አይይዘውም፣ በአንድ ቀን ብዙ ድርብ ይረጫል፣ የተጫረ ቦታ ሲገኝም አዲሱ ድርብ አሮጌውን በጥቂቱ አሟሙቶ ከእርሱ ጋር ስለሚዋሐድ ጥገናው ቀላል ነው። ነገር ግን በአሟሚ ደርቆ የቀረ ነገር በአሟሚ ይመለሳል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠብ ቢልበት ወዲያው ይነሣል፤ ጠንከር ያለ አረቄ ፈስሶበት ቢያድር ገጹ ይለሰልሳል፤ ትኩስ ድስት ሲያርፍበትም ሽፋኑ በሙቀቱ ላልቶ እንፋሎቱን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ የድስቱን ቂጥ የሚያህል ነጭ ክብ ይቀርበታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ የእኛ ድስት በባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ ድስት በመጠኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ላኬሩን ለማዳን ግን ይህች ልዩነት አትበቃም።

በክረምት ወራት የሚረጭ ላኬር ሌላም ችግር አለበት። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን የእንጨቱን ገጽ ስለሚያቀዘቅዘው በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ አየር ውስጥ ያለው ውኃ በላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ቅቡም ጠርቶ በመድረቅ ፈንታ ወተት የመሰለ ነጣ ያለ መልክ ይዞ ይቀራል። ጥንቁቅ ባለሙያ ወይ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፣ ወይ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ይጨምርበታል። ደንበኛው ነገ ካልተረከብሁ ብሎ ሲያጣድፈው ግን ሁለቱንም ላያደርግ ይችላል፤ በዚህም ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን አንድ ነገር ላንሣ። ጠረጴዛው እንዳይበላሽ በማሰብ ብዙ ቤተሰብ ላስቲክ ያለብሰዋል። ለስላሳ ሆኖ የሚተጣጠፈው የጠረጴዛ ላስቲክ ያን ልስላሴ የሚያገኘው በውስጡ ከተጨመረ የማለስለሻ ፈሳሽ ሲሆን፣ ይህ ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት ከላስቲኩ እየወጣ ወደ ላኬሩ ይገባና ላኬሩን ራሱን ያለሰልሰዋል። ከወራት በኋላ ላስቲኩን ለማንሣት ሲሞከር ተጣብቆ ይገኛል፤ በግድ ቢላቀቅም የላስቲኩ አበባ በጠረጴዛው ላይ ታትሞ ይቀራል። በላዩ መስታወት የሚያስቀምጡም አሉ፤ እርሱ ባይጣበቅም በጎን የገባውን ውኃ አፍኖ ስለሚይዝ ነጭ እድፍ ያመጣል። የእናቶቻችን የዳንቴል ልብስ ከሁለቱም ይሻላል፤ አየር ያስተላልፋልና። ሆኖም ዋናው ነገር ከፍቶ ሊበሉበት የሚቻል ጠረጴዛ መሥራት ሲሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸፍኖ እንዲኖር ከሆነ ዋንዛ መግዛቱም ባላስፈለገ ነበር።

እንግዲህ እኔ በቤቱ ጠረጴዛ ለሠራ ሰው የምመክረው ዘይት መሠረት ያለውን የፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ነው። ይህ ቅብ በሁለት ደረጃ ይደርቃል፦ መጀመሪያ አሟሚው ይተናል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሽፋን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። አንዴ ከተያያዙ በኋላ አልኮልም ሆነ ቲነር መልሶ ሊያሟሟቸው አይችልም፤ ሙቀትም ቢሆን እንደ ላኬር በቀላሉ አያላላቸውም። ከምድጃ የወረደ ብረት ድስት በቀጥታ ይቀመጥበት ማለቴ ግን አይደለም፤ ያን የሚችል የእንጨት ቅብ ስለሌለ ከድስት ሥር የሚደረግ ማስቀመጫ ምንጊዜም ያስፈልጋል። ልዩነቱ አንድ ቀን ማስቀመጫው ቢረሳ፣ ወይም ሻይ የያዘ ብርጭቆ ቢቆይበት፣ ወይም የፈሰሰው አረቄ ሳይታይ ቢያድር ጠረጴዛው በአመዛኙ ሳይጎዳ መትረፉ ላይ ነው።

ለቤት ሠሪ የሚስማማበት ሌላው ምክንያት መሣሪያ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ኮምፕረሰርና መርጫ ሳያስፈልግ በጥሩ ብሩሽ፣ ወይም ፀጉር በማይተው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይቀባል። የመጀመሪያው ድርብ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች እንዲገባ የዘይት ቅብ ማቅጠኛ በሆነው በአኳራጅ፣ እስከ እኩሌታ ድረስም ቢሆን፣ ይቀጥናል፤ ከዚያ የሚቀጥሉት ሦስት ወይም አራት ድርቦች በጥቂቱ ብቻ ይቀጥናሉ ወይም እንዳሉ ይቀባሉ። በየድርቡ መካከል ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይልማል) ቀስ ተብሎ ይታሽና አቧራው በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። ይህን መታሸት መዝለል ጉዳት አለው፤ የደረቀው ፖሊዩሬታን በቀጣዩ ድርብ ስለማይሟሟ፣ አዲሱ ሽፋን ተጣብቆ የሚይዘው በብርጭቆ ወረቀቱ ጥቃቅን ጭረቶች አማካይነት ብቻ ነው። ሳይታሽ የተደራረበ ቅብ ከዓመት በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሣ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወፍራም ድርብ በአንድ ጊዜ መቀባትም አይበጅም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆንና ይሸበሸባል።

ስለ አብረቅራቂነቱ የሚቀርበው ምርጫ የሰው ፍላጎት ቢሆንም፣ ለመመገቢያ ጠረጴዛ ደብዘዝ ያለውን ዓይነት እመርጣለሁ። በጣም የሚያብረቀርቅ ገጽ እያንዳንዱን ጭረትና የጣት አሻራ አጉልቶ ያሳያል፤ በመስኮት በኩል የሚገባውን ብርሃንም መልሶ ወደ ተመጋቢው ዓይን ይልካል። ደብዛዛው ቅብ ድብዘዛውን የሚያገኘው በውስጡ ካለ የላመ የሲሊካ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከቆርቆሮው ሥር ስለሚዘቅጥ ከመቀባቱ በፊትና በየመካከሉ በንጹሕ እንጨት ቀስ ብሎ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮውን መነቅነቅ ግን የአየር አረፋ ስለሚያስገባ መተው አለበት። አንዱ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ደብዛዛ ሆነ ብሎ ሻጩን የሚከስስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያላማሰለ ሰው ነው።

የዚህ ቅብ ጉድለት ግልጽ ነው። ቀርፋፋ ነው። በቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው የመድረቂያ ሰዓት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ላለ ሙቀት የተሰላ ስለ ሆነ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዘው በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በክረምትና በኅዳር ብርድ፣ ከተጻፈው እጥፍ ጊዜ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ሲነካ የደረቀ መምሰሉም ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ወደ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያው ጠረጴዛውን በጥንቃቄ መጠቀም፣ ምንም ዓይነት ልብስም ሆነ ላስቲክ አለማልበስ ይገባል። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ አቧራ ይይዘዋል፤ ወለሉ ውኃ ተርከፍክፎበት አቧራው ከረጋ በኋላ መቀባት ይረዳል። ቀለሙም ወደ ማር ያደላል፤ ለዋንዛ ይህ ውበት ነው፣ ነጣ ያለ እንጨት እንደ ነጣ እንዲቀርለት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ከሁሉ የሚከብደው ጥገናው ነው፤ በጥልቀት የተጫረን ቦታ ለይቶ መመለስ አስቸጋሪ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ገጹን በሙሉ አሽቶ አንድ ድርብ መድገም ግድ ይላል። እኔ ይህን ሁሉ አስቤ ነው የምመርጠው፤ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ቀን ማሸት በየሳምንቱ ነጭ እድፍ እያዩ ከመብሰልሰል የቀለለ ነውና።

በዘይት ብቻ መቀባት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውን አልንቅም። የተልባ ዘይት ከእንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ የዋንዛውን መስመር አጉልቶ ያሳያል፣ በእጅም ሲዳሰስ እንጨቱ እንጨት ሆኖ ይቆያል፤ የተጎዳ ቦታም በጨርቅ ጥቂት ዘይት በማሸት ይታደሳል። ይሁን እንጂ የውኃና የሙቀት መከላከያው ደካማ ስለ ሆነ የረሳነው ብርጭቆ ምልክት ይተዋል፣ በየጊዜውም መድገም ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ትዕግሥቱ ላለው ሰው መጥፎ ምርጫ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ሁሉም ዘይት አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ወደ ጠንካራነት የሚለወጥ ሲሆን፣ የኑግ ዘይትም በዚሁ ወገን ቢሆንም እጅግ ቀርፋፋ ነው። ከማድ ቤት የሚወሰደው የረጋ ዘይት፣ ማለትም የፓልም ዘይት፣ እንዲሁም የወይራ ዘይት ግን ምንጊዜም አይደርቁም፤ ጠረጴዛውን እያጣበቁ አቧራ ይሰበስባሉ፣ ውለው አድረውም ይሸታሉ። ጥሬ የተልባ ዘይትም ቢሆን ለመድረቅ ቀናት አልፎ ሳምንታት ይፈልጋል። የተፈላ የተልባ ዘይት ተብሎ በቀለም መደብር የሚሸጠው ፈጥኖ የሚደርቀው ደግሞ ስለተፈላ ብቻ ሳይሆን ማድረቂያ የብረት ውሕዶች ስለተጨመሩበት ነው፤ ስለዚህ ለመብል ከምንጠቀምበት የተልባ ዘይት ጋር ፈጽሞ ሊቀላቀል አይገባውም፤ ልጆች ከሚደርሱበት ቦታም መራቅ አለበት።

ከዘይቱ ይልቅ አስፈሪው የተቀባበት ጨርቅ ነው። ይህን ነገር በቤቱ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። በተልባ ዘይት ወይም በዘይት መሠረት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ወደ አየር ይበተናል፤ ተጨማድዶ በመጋዝ ብናኝ መካከል ወይም በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተከመረ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ክብሪትም ሆነ ብልጭታ ሳይነካው፣ ሁሉ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ከቤት ውጭ በአጥር ወይም በድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቶ እንደ ቅርፊት እስኪደርቅ መተው፣ አለበለዚያም ውኃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ማስቀመጥ ይገባል። በተለይ በኪራይ ቤትና በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጨርቁን ከወረቀትና ከካርቶን ጋር እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ።

ስለ ቀሩት ቅቦች በአጭሩ ልበል። ንብ ሰም ደስ የሚል ልስላሴና ሽታ አለው፤ ነገር ግን ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ ብቻውን ለመመገቢያ ጠረጴዛ አይበቃም። ሼላክ፣ ከነፍሳት የሚገኘውና በአልኮል የሚሟሟው የጥንቱ ቅብ፣ ለመልክ የሚወዳደረው የለም፤ አረቄ ሲፈስበት ግን ወደ መጣበት ይመለሳል። ለሥር ድርብነት ግን እጅግ ይጠቅማል። ለምሳሌ ጽድ በተፈጥሮው ዘይትና ሽታ ያለው እንጨት በመሆኑ በኦክስጅን የሚደርቀውን ቫርኒሽ ሊያዘገየው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሰሙ የወጣለት ስስ ሼላክ መቀባቱ ችግሩን ያቃልላል። ውኃ መሠረት ያለው ፖሊዩሬታን ሽታው ቀላል፣ ቀለሙም ጥርት ያለ ነው፤ የእንጨቱን ጭገር ስለሚያስነሣ ግን አስቀድሞ ጣውላውን በውኃ አርጥቦ፣ ሲደርቅ ማሸት ያስፈልጋል፤ ለሙቀትና ለኬሚካልም በዘይት መሠረት ካለው ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ማጠንከሪያው ለብቻው የሚመጣው ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬታን ከሁሉም ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሲረጭ ሳንባን የሚጎዳና አስም የሚያስከትል በመሆኑ፣ ተገቢው ማጣሪያ ያለው ጭምብልና አየር የሚስብ የመርጫ ክፍል በሌለበት ሊነካ አይገባም። ጠረጴዛውን ወደ ሥራ ቤት ለመውሰድ የቆረጠ ሰው ግን ያን የናይትሮሴሉሎስ ላኬር ከሚያስረጭ ይልቅ ይህን ቢጠይቅ ይሻለዋል። በመካከሉ ባለ ቀለም ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ) እየፈሰሰ የሚሠራው የዘመኑ ጠረጴዛ ደግሞ ሲታይ ያምራል፤ ተራው የኢፖክሲ ሬዚን ግን ገና በ60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር የድስት ነገር አይሆንለትም።

የትኛውም ቅብ ቢመረጥ እርጥብ እንጨት ላይ ከተቀባ ድካሙ ከንቱ ነው። ከገበያ የሚገዛው ጣውላ ብዙ ጊዜ በወጉ ሳይደርቅ የሚሸጥ ሲሆን፣ ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት የእርጥበት መጠኑ ከ8 እስከ 12 በመቶ ሊሆን ይገባል። በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የድሮ አናጢዎች ስሌት ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው። ዋንዛ ከደረቀ በኋላ ጠባዩ ረጋ ያለ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው እየተመናመኑ በመሆናቸው ነበርና፣ እንዲህ ያለ ጣውላ ያገኘ ሰው በጥድፊያ ባያበላሸው መልካም ነው።

ቅብ እርጥበት ወደ እንጨት የሚገባበትንና የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያግደውም። የጠረጴዛው የላይኛው ገጽ ብቻ ተቀብቶ የታችኛው ባዶ ከቀረ፣ ክረምት ሲገባ ታችኛው ወገን ፈጥኖ እርጥበት ይስባል፣ በጋ ሲመጣ ፈጥኖ ይለቃል፤ ገጹም ይጎብጣል። ስለዚህ ታችኛው ገጽ፣ በተለይም የጣውላው ሁለት ጫፎች፣ ከላዩ እኩል ድርብ ሊቀቡ ይገባል። ገና ያልተቀባውን እንጨት ማሸት በተመለከተ በቁጥር 80 ተጀምሮ በ120ና በ180 አልፎ በ220 ቢያበቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማለስለስ ቫርኒሹ የሚይዝበትን ቦታ ማሳጣት ነው። የመጨረሻው መታሸት ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይሁን፤ በአግድም የተሠራ ጭረት ቅቡ ሲነካው ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

የተገዛ ወይም የተወረሰ ጠረጴዛ ያለው ሰው በምን እንደተቀባ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ቅብ በደረሰበት ስውር ቦታ አንድ ጠብታ ንጹሕ አልኮል ያድርግበት፤ ቢጣበቅ ሼላክ ነው። አልኮሉ ካልነካው የላኬር ቲነር ጠብ ያድርግበት፤ ወዲያው ለስልሶ ቢያጣብቅ ላኬር ነው፤ ባይሟሟ፣ ወይም ቢሸበሸብ እንኳ ሟሙቶ ባይፈስስ፣ ፖሊዩሬታን ወይም ሌላ በኬሚካል ለውጥ የጠነከረ ቅብ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ በአሮጌ ቅብ ላይ አዲስ መቀባት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ያህል ያስረዘምሁት ችግሩ የጠያቂውና የዓምዱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ ቫርኒሽ የሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ቆርቆሮ በውስጡ ምን እንዳለ፣ በምን እንደሚቀጥን፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ የሚነግረው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ የሚለየው በቆርቆሮው ቀለምና በዋጋው ነው። ፖሊዩሬታን ጠይቆ ተራ ቫርኒሽ፣ አኳራጅ ጠይቆ የላኬር ቲነር ይዞ የሚመለስ ብዙ ነው። ቀለምን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ገዢው ግን ይህን ከቆርቆሮው ላይ አንብቦ ሊያረጋግጥ ካልቻለ ደንቡ ከእርሱ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። የቀለም ፋብሪካዎችና አስመጪዎች በእያንዳንዱ የእንጨት ቅብ ቆርቆሮ ላይ የሽፋኑን ዓይነት፣ የማቅጠኛውን ስም፣ በ15 ዲግሪና በ25 ዲግሪ የሚደርቅበትን ጊዜ፣ እንዲሁም የራሰ ጨርቅ በራሱ እንደሚቀጣጠል የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ቢያትሙ የሚጨምርባቸው ወጪ የአንድ ወረቀት ነው። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለፋብሪካዎቹና ለሚመለከተው የደረጃ መሥሪያ ቤት አቅርቦ የሚሰጡትን መልስ ቢያትምልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ሥራ መምህር
ከአዲስ አበባ